የዳክዬ ጓንት፦ የጋራ ሐሳባችንን እንጨርስ

አስተባባሪ፦
ሰላም ወገኖች። ለመዋዕለ ሕፃናቱ በክርና በሹራብ መርፌ የምንሠራውን ጓንት ዛሬ እንወስን። ልጆቹ ከ2 እስከ 4 ዓመት ናቸው። አራቱ ጣት አንድ ላይ ገብቶ አውራ ጣት ብቻ የሚለይበት ይሁን። ጣቶች ተጠጋግተው ሲቀመጡ ይሟሟቃሉ፣ ለማልበስም አያስቸግርም። የኔ ሐሳብ እጁ ጀርባ ላይ የድመት ፊት ነው፤ ዓይኗ ከቁልፍ።

የሁለት ልጆች እናት፦
ድመቷን ወድጃታለሁ። በቁልፉ ግን አልስማማም። በዚህ ዕድሜ ጓንት አፍ ይገባል። ትንሿ ልጄ የሹራቧን ቁልፍ ነቅላ አፏ ውስጥ አግኝቼዋለሁ። እስካሁን ሳስበው እደነግጣለሁ። ዓይኑ በጥቁር ክር ይጠለፍ።

አንጋፋዋ አባል፦
ልክ ነሽ ልጄ። እኔ ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ፊቱ እጅ ጀርባ ላይ ከሆነ ግራና ቀኙ ይለያል። የ3 ዓመት ልጅ ደግሞ ያገኘውን ነው የሚያጠልቀው። ድመቷ መዳፉ ውስጥ ተደብቃ ትቀራለች። ስለዚህ አውራ ጣቱን ልክ ከጎን ጠርዙ እናውጣው። ያኔ ለየትኛውም እጅ ይሆናል።

እንዲያ ከሆነ ለምን ዳክዬ አናደርገውም? አውራ ጣቱና የአራቱ ጣቶች ጫፍ ብርቱካናማ መንቁር፣ ሌላው ቢጫ። ዓይን በሁለቱም ገጽ አንድ አንድ። ልጁ እጁን ሲከፍትና ሲዘጋ ዳክዬዋ ትንጫጫለች። ልጅ የሚወደው እሱ ራሱ የሚያንቀሳቅሰውን ነው።

አስተባባሪ፦
እትዬ፣ ይሄ ከኔው በብዙ ይሻላል። ድመቷን ትቻለሁ። ልኬቱስ?

የናሙና ሠሪ፦
መካከለኛ ውፍረት ያለው ክር፣ በ10 ሴንቲሜትር 22 ቀለበት (መርፌው ላይ የሚሠራው የክር ዓይን) የሚወጣው። 32 ቀለበት ብንጀምር ዙሪያው 14.5 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። የእጅ አንጓውን በ3.5 ሚሊሜትር መርፌ፣ የቀረውን በ4። አንጓው እየተለጠጠ የሚመለስ ይሁን፣ ከ6 ሴንቲሜትርም አይነስ። ኮት እጅጌ ሥር ካልገባ ይወልቃል።

ለአውራ ጣቱ 6 ቀለበት በሌላ ቀለም ክር ሠርተን እናልፋለን። በኋላ ያ ክር ሲመዘዝ ከላይና ከታች 12 ቀለበት ይገኛል። ቀዳዳ እንዳይቀር በየጎኑ አንድ ጨምረን 14 እናደርገዋለን። የክር ጫፎቹን በደንብ እንቅበራቸው። ውስጥ የተንጠለጠለ ክር ትንሽ ጣት ይጠልፋል።

የሁለት ልጆች እናት፦
ክሩ በማሽን የሚታጠብ ሱፍ ይሁን። ተራ ሱፍ በሙቅ ውኃ ታሽቶ ይኮማተራል። ደግሞ እንዳይጠፋ ብላችሁ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ገመድ እንዳታስቡ፣ ያንቃል።

አንጋፋዋ አባል፦
ገመድ ምን ያደርጋል? ግራና ቀኝ ከሌለው ለአንድ ልጅ ሦስት እንሥራ። አንዱ ቢጠፋ ሦስተኛው ይተካዋል።

አስተባባሪ፦
በጣም ጥሩ! እንግዲህ የምናቀርበው ይህ ነው፦ የዳክዬ ጓንት፣ ለአንድ ልጅ ሦስት፣ ያለ ቁልፍ፣ ያለ ገመድ። ናሙናው መጀመሪያ በአንድ ልጅ እጅ ይሞከር። ማን ይጀምር?

የሁለት ልጆች እናት፦
ቢጫውም ብርቱካናማውም ክር ቤት አለኝ። ዛሬ ማታ እጀምራለሁ፤ ትንሿ ትሞክረዋለች።