የጥቅምቱ የአሞራ ቆጠራ፦ ዕቅዱን ዛሬ እንጨርሰው

ጸሐፊ፦ ረቂቁን ከለጠፍኩ ሦስት ቀኔ፤ ያነበበው አራት ሰው ነው። ከመስከረም 25 እስከ ጥቅምት 15፣ 21 ቀን ሰሜን ሸዋ፣ ገመሳ ገደል ጫፍ ላይ ቁጭ ብለን ከአፋር በኩል የሚመጡትን አዳኝ ወፎች እንቆጥራለን። በየቀኑ ሁለት ሰው፣ አንድ ቴሌስኮፕ። ሒሳቡ 46,000 ብር። አርብ ካልገባ ዘንድሮም አለቀልን።

ባለ ቴሌስኮፑ፦ ቴሌስኮፑን ለእኔ ተዉት። እኔ አለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ካዝና ውስጥ ያለው 18,000 ነው። የአምናው ትራንስፖርት እንኳ አልተወራረደም፤ ደረሰኙን ማን እንደያዘው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሰባት ቀን ከሆነ እፈርማለሁ። 21 ቀን አልፈርምም።

አንጋፋው፦ በሰባት ቀን ምን ይገኛል? በ1987 እ.ኤ.አ. ጅቡቲ ላይ የቀይ ባሕርን ጠባብ መውጫ፣ ባብ ኤል መንደብን ሲሻገሩ 246,000 ገደማ አዳኝ ወፎች ተቆጥረዋል። ሰዎቹ ከወር በላይ ቁጭ ብለው ነው። አንድ ቀን ዝም ይላል፤ በማግስቱ ሰማዩ ይሞላል። በእኛ ገደል ስንቱ እንደሚያልፍ እኛ እስከዛሬ የጻፍነው ነገር የለም። ያሳፍራል።

የጣርማበር ልጅ፦ ባነሩ ላይ «የስደተኛ ወፎች ቀን» ብሎ የጻፈው ማነው? ይውጣ።

ጸሐፊ፦ እኔ ነኝ። የተለመደ ቃል ነው እኮ፤ ምን ችግር አለው?

የጣርማበር ልጅ፦ ታናሽ ወንድሜ በጅቡቲዋ ኦቦክ አድርጎ ነው ወደ የመን የተሻገረው። ያንኑ ባሕር። እናቴ እዚያው ገደል ዳር ማገዶ ትለቅማለች። ባነሩን አንብብልኝ ብትለኝ ምን ልበላት?

መምህርት፦ ልክ ነው። «ፈላሲ» እንበል።

አንጋፋው፦ ፈላሲም ያው ከአገሩ የወጣ ነው። ምን ለወጥሽ?

ገንዘብ ያዥ፦ «ተጓዥ»።

ጸሐፊ፦ ተጓዥ ለማንም ይሆናል። ወፎቹ እኮ በየዓመቱ በዚሁ ጊዜ ነው የሚመጡት፤ ቃሉ ይህን መናገር አለበት።

የጣርማበር ልጅ፦ እንግዲያው «ተመላላሽ» በላ! የሚመለስ ስደተኛ አይባልም።

አንጋፋው፦ ተመላላሽ የሐኪም ቤት ቃል ነው። አንድ ልጅ ተከፋ ብለን የአገር ቋንቋ ልንቀይር ነው?

የጣርማበር ልጅ፦ ጋሼ፣ «ተከፋ» አይበሉኝ። ወሬው ከጠፋ ስምንት ወር ሆኖታል።

መምህርት፦ በቃ። ጋሼ፣ ይተዉት።

አንጋፋው፦ አላወቅኩም ነበር ልጄ። ይቅር በለኝ። እግዜር ድምፁን ያሰማችሁ።

ጸሐፊ፦ ወደ ሥራው እንመለስ። ባለ ቴሌስኮፑ፣ ወንድሜ፣ የት ገባህ? ስልክህ አይነሣም።

አዲስ አባል፦ እኔ አምና አንድ ጊዜ ነው የመጣሁት፤ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ጉሙ ከቆላው ተነሣ። ንስሮቹ ከእግራችን በታች ነበሩ፤ ጀርባቸውን ነው ያየነው። አንዴም ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ፣ ሙቁ አየር እያነሣቸው፣ እየዞሩ እየዞሩ ወጡ። አንዱ በዓይናችን ትክክል ሲደርስ የአፉ ቢጫ ጠርዝ እስከ ዓይኑ ኋላ ድረስ ተስሎ ታየኝ። ከካዛክስታንና ከሞንጎልያ ሜዳ የሚመጣው፣ ስቴፕ ንስር የሚሉት ነው አሉኝ። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት ተመድቧል። የባነሩን ቃል እናንተ ጨርሱ፤ እኔን አንድ ሳምንት መድቡኝ።

መምህርት፦ አስፋልቱ ዳር የሱፍ ቆብ የሚሸጡት ልጆችስ? ዓመቱን ሙሉ እዚያው ናቸው። ደብተር ብንሰጣቸው ከእኛ የተሻለ አይቆጥሩም?

አንጋፋው፦ ጆፌውን ምን ሊያደርጉት ነው? ጆፌ እዚሁ ነው የሚኖረው፤ ገደሉን ሲመላለስ አንዱን ሃያ ጊዜ ይጽፉታል። ቁጥራችንን ማን ያምነዋል?

የጣርማበር ልጅ፦ እነዚያ ልጆች ጆፌን ከነጎጆው ያውቁታል። ይልቅ ብርዱን አስቡ። ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ነፋሱ ከቆላው በቀጥታ ነው የሚመታህ። ልጆቹ ፌስታል ለብሰው ነው የሚውሉት።

ገንዘብ ያዥ፦ በ18,000 ትንሽ ቆርቆሮ ዳስና አግዳሚ እንሠራለን። ለዚያ አሁኑኑ እፈርማለሁ።

መምህርት፦ እኔም።

ጸሐፊ፦ ገንዘቡን የጠየቅነው ለቆጠራ ነው! ዳስ ለመሥራት ከቀበሌ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እሱን ማን ሊሄድበት ነው?

(ሁለት ቀን መልስ አልነበረም።)

ጸሐፊ፦ እሺ፣ ረቂቁን ቀየርኩት። ሰባት ቀን፣ ዳስ፣ አግዳሚ፣ አሥር ደብተር። ቴሌስኮፑ ጋ ባዶ ትቼዋለሁ። ባነሩን አውጥቼዋለሁ። ደብረ ብርሃን ያለ ሰው የቆርቆሮ ዋጋ ነገ ጠይቆ ይጻፍልኝ።

የጣርማበር ልጅ፦ ባነሩን ለምን ታወጣዋለህ? እናቴም ታንብበው። ያቺ ቃል ብቻ ትውጣ አልኩ እንጂ።