ግብፅ ደረሰችኝ፤ ስለ ጋራ ወንዞች እንዴት ብዬ ልናገር?

ቤዛ_ከኮዬ

ሰላም ለሁላችሁ። የሦስተኛ ዓመት የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። በሚቀጥለው ወር ስድስት ኪሎ አካባቢ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሞዴል ዩኤን (ተማሪዎች የአገሮች ልዑክ ሆነው እንደ ተመድ የሚከራከሩበት ጉባኤ) አለ፤ ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። ትናንት ማታ የአገር ድልድሉ በቴሌግራም ወጣ። ኮሚቴዬ ጠቅላላ ጉባኤ፣ አጀንዳው ድንበር ተሻጋሪ ወንዞች፣ አገሬ ደግሞ ግብፅ።

ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት።

እናቴ አስተማሪ ናት። በ2003 ዓ.ም. ግድቡ ሲጀመር የአንድ ወር ደመወዟን ከየወሩ እያስቆረጠች ቦንድ ገዝታለች። ወረቀቱ እስከ ዛሬ ከቤቱ ውል ጋር በአንድ ላስቲክ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብላ ስታለቅስ አይቻታለሁ። ትናንት "ለግብፅ ልከራከር ነው" ስላት ሽንኩርት መክተፏን አቁማ አየችኝ። "ሌላ አገር ጠፍቶ ነው?" አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ አላወራንም።

የከበደኝ ግን ሌላ ነገር ነው። እኛ ብሎክ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። የመጣ ሌሊት ጀሪካን ተሸክመን አራተኛ ፎቅ ስንመላለስ እናድራለን። ግብፅ ውሃዋን ከሞላ ጎደል በሙሉ የምታገኘው ከአባይ መሆኑን ሳነብ ፍርሃቷ ገባኝ። ስለ ገባኝም ደነገጥኩ።

አገር ማስቀየር ይቻላል? ካልተቻለስ ያላመንኩበትን ነገር እንዴት አድርጌ ነው የምናገረው? ፖዚሽን ፔፐሬን፣ ማለትም የአገሬን አቋም የሚገልጸውን ጽሑፍ፣ ጀምሬዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1997 በጸደቀው የተመድ የወንዞች ስምምነት ላይ ነው የመሠረትኩት። ልክ ነኝ?

ሰሚት_72

አስቀይሪ እህቴ። ደብዳቤ ጻፊላቸው። እኔ ብሆን አልገባም ነበር። ሰው ውድድር ላሸንፍ ብሎ በገዛ አገሩ ላይ አይቆምም። ይህ ቀልድ አይደለም፣ አባይ ነው።

የቀድሞ_ቼር

ቤዛ፣ አታስቀይሪ። ሰሚት፣ ስሜትህ ይገባኛል ወንድሜ፤ ግን በዚህ አልስማማም። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

ሁለት ጊዜ ተወካይ፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ቼር (ሰብሳቢ) ሆኛለሁ። የመጀመሪያ ጉባኤዬ ላይ ቱርክ ደረሰችኝ፤ አጀንዳው የኤፍራጥስና የጤግሮስ ወንዞች ነበር። ማይክ ስጨብጥ "እኔ በበኩሌ..." ብዬ ጀመርኩ። ቼሯ አቋረጠችኝ፦ "ልዑኩ ስለ አገሩ ይናገር።" በብዙ ጉባኤዎች "እኔ" ማለት አይፈቀድም። "የግብፅ ልዑክ ያምናል"፣ "ግብፅ ትጠይቃለች" ነው የሚባለው። ያን ቀን ደንቡ የማያስፈልግ ግትርነት መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ላንቺ የሚያስፈልግሽ እሱ ነው። ሁለቱን ቀን ሙሉ አንድም ጊዜ "እኔ" አትይም። ቤዛ ኮዬ ናት፣ አዳራሹ ውስጥ የምትናገረው ግብፅ ናት።

አሁን ወደ ፔፐርሽ። 1997ቱን መሠረት አድርገሽ ከሄድሽ ትወድቂያለሽ። በዚያ ድምፅ አሰጣጥ 103 አገሮች ደገፉ፣ ሦስት አገሮች ማለትም ቱርክ፣ ቻይናና ቡሩንዲ ተቃወሙ፣ 27 ደግሞ ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ከተአቀቡት መካከል ኢትዮጵያ አለች። ግብፅም አለች። ጎበዝ ተማሪ ካለ "የግብፅ ልዑክ ያልደገፈችውን ሰነድ ስለ ምን ትጠቅሳለች?" ብሎ ይጠይቅሻል። መልስ የለሽም።

የ1959 እ.ኤ.አ. ስምምነትንም መጀመሪያ ላይ እንዳታወጪው። ለግብፅ 55.5፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሰጠው ማለት ነው። የፈረሙት ሁለት አገሮች ብቻ ናቸው። ከውሃው 85 በመቶ ያህሉ የሚነሳባት አገር አልተጠየቀችም። እሱን ከጠቀስሽ የኢትዮጵያ ልዑክ እጇን አውጥታ በአንድ ዓረፍተ ነገር ትጨርስሻለች። መነሳቱ ግን አይቀርም፤ ስለዚህ መልስሽን አዘጋጅተሽ ቦርሳሽ ውስጥ አስቀምጪው።

ታዲያ በምን ትቆሚያለሽ? በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ካርቱም ላይ በተፈረመው የመርሆዎች ስምምነት። ግብፅም፣ ሱዳንም፣ ኢትዮጵያም ፈርመውታል። ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀምም፣ ጉልህ ጉዳት አለማድረስም አለበት። የላይኛው ተፋሰስ አገር ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ይጎትታል፣ የታችኛው ሁለተኛውን። አንቺ ሁለተኛውን ያዢ፣ ግን የመጀመሪያውን አትካጂ። "ግድብ አይኑር" ማለት ያረጀ ነው፤ ግድቡም ተሠርቷል። ከዚያ ይልቅ አሳሳቢ የሆነውን ጥያቄ ጠይቂ፦ ተከታታይ የድርቅ ዓመታት ሲመጡ ስንት ውሃ ይለቀቃል? መረጃው በምን ያህል ጊዜ ይሰጣል? አለመግባባት ሲፈጠር ማን ይዳኛል? ካይሮ ስትደራደር ዋናው ጭንቀቷ ይኸው ነበር። ጀሪካን ይዞ ደረጃ የወጣ ሰው ደግሞ ይህን በደንብ ያውቀዋል።

እነዚህን የጸጥታው ምክር ቤት ንግግሮች አንብቢያቸው። ጉዳዩ በሰኔ 2020 እና በሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. እዚያ ቀርቧል። በሁለተኛው ስብሰባ ለግብፅ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳሜህ ሹክሪ፣ ለእኛ ደግሞ ዶ/ር ስለሺ በቀለ ተናግረዋል። ሁለቱንም አንብቢ። መጀመሪያ የሹክሪን፣ ከዚያ የዶ/ር ስለሺን፣ ከዚያ እንደገና የሹክሪን። ምክር ቤቱ በመስከረም 2021 ያወጣው መግለጫ ጉዳዩን ወደ አፍሪካ ኅብረት ድርድር መልሶታል፤ ይህም እንዳያመልጥሽ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፦ ጉባኤ ላይ ሰው የሚያሸንፈውም የሚሸነፈውም ማይክ ላይ አይደለም። ማይክ ላይ የሚሰጥሽ 60 ወይም 90 ሴኮንድ ነው። ሥራው ያለው ነጻ ኮከስ (ልዑካን እየተዘዋወሩ የሚነጋገሩበት ጊዜ) ሲታወጅና ሁሉም ከወንበሩ ሲነሳ ነው። ያኔ ቆመሽ አትጠብቂ። ሱዳንን ለማግኘት ሁሉም ይሮጣል፤ አንቺ መጀመሪያ ወደ ባንግላዴሽ፣ ኢራቅና ቬትናም ሂጂ። ሦስቱም የታችኛው ተፋሰስ አገሮች ናቸው፤ ጋንጀስ፣ ኤፍራጥስ፣ ሜኮንግ። በ2014 እ.ኤ.አ. 35ኛ ሆና ገብታ የ1997ቱን ስምምነት ሥራ ላይ ያዋለችው ቬትናም ናት። ማንም ተማሪ ቬትናምን ቀድሞ አያናግራትም፤ አንቺ አናግሪያት። ረቂቅ ውሳኔውን የሚጽፍ ሰው የሚገኘው እንደዚያ ነው።

ጋሽ_ታ_ገላን

ልጄ ቤዛ፣ ስለ ሞዴል ዩኤን የማውቀው ልጄ ያሳየኝን ያህል ነው። የአንቺን ጥያቄ ግን አውቀዋለሁ። እኔ ገላን ውስጥ ሽምግልና እቀመጣለሁ። በድሮው ችሎት ባለጉዳይ ነገረ ፈጅ ይቆምለት ነበር። "በላ ልበልሃ" እየተባባሉ ሲሟገቱ፣ ነገረ ፈጁ የቆመለትን ሰው ነገር ከሰውየው በላይ አሳምሮ ይናገራል። ማታ ግን ወደ ቤቱ ይገባል፤ በዳይ ነህ ብሎ የሚቀየመው አልነበረም። እናትሽን እንዲህ ብለሽ ንገሪያት።

ደግሞ ለሰሚት፦ ሰኔ 1928 ዓ.ም. ጃንሆይ ጄኔቭ ላይ በአማርኛ ሲናገሩ የጣሊያን ጋዜጠኞች እያፏጩ ሊያስቆሟቸው ሞክረዋል። እሳቸው ግን ቆመው ጠበቁ፣ ከዚያ ንግግራቸውን ጨረሱ። የጠላትን ነገር መስማት የማይችል ሰው እንዴት አድርጎ ይመልስለታል? ልጄ ግብፅን ብታጠና ነገ ለእኛ የምትቆም እሷ ናት።

ሊ_ቱሉዲምቱ

ቤዛ፣ ነገሩን ትልልቆቹ ጨርሰውታል፤ እኔ ስለ መንገድ ልንገርሽ። ምዝገባው 2 ሰዓት ከሆነ ከኮዬ 11 ሰዓት ተኩል ውጪ። ቱሉ ዲምቱ፣ ከዚያ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ስታዲየም፣ ከዚያ ስድስት ኪሎ። አራት ታክሲ ነው፤ ቃሊቲ ላይ ሰልፉ ሰኞ ጠዋት ከሆነ ያማርራል። ባለ ተረከዝ ጫማሽን በፌስታል ያዢ፣ እዚያ ትቀይሪያለሽ። ፔፐርሽን አምስት ኮፒ ከዋዜማው አሳትሚ። እኔ ባለፈው ዓመት ጠዋት ላሳትም ብዬ መብራት ጠፋ፤ የመጀመሪያው የተናጋሪዎች ዝርዝር አለፈኝ።

ሰሚት_72

ጋሽ ታ፣ ይቅርታ፣ በስሜት ነው የተናገርኩት። ቤዛ፣ አሁንም ቢሆን ለኔ ይከብደኛል። ግን የኢትዮጵያን ወንበር የያዘው ልጅ አንቺን ያህል ቢዘጋጅ ደስ ይለኛል።

ቤዛ_ከኮዬ

አላስቀይርም። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ነገረ ፈጅ የሚለውን ለእናቴ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችና "ያንቺ ጋሼ ትክክል ናቸው" አለች፤ ከዚያ ግን የራሷን ጥያቄ አመጣች።

የቀድሞ ቼር፣ ፔፐሩን ከመጀመሪያ ጀምሬ እየጻፍኩት ነው። 1997ቱን አውጥቻለሁ፣ ካርቱምን ከላይ አድርጌያለሁ። የአባይ ተፋሰስ አገሮች የኢንቴቤ ስምምነት በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሥራ ላይ መዋሉንም አገኘሁ፤ ግብፅ አልፈረመችም፣ እሱንም ይጠይቁኛል ማለት ነው። መልስ እያዘጋጀሁ ነው።

የእናቴ ጥያቄ ይኼ ነበር፦ "በ1959 ስትከፋፈሉ ለኛ ስንት አስቀራችሁልን?" መለስኩ፣ አልጣማትም። እንደገና መለስኩ። ሦስተኛው ላይ "ይሻላል" አለች። አሁን ውሃው መጥቶ ጀሪካኖቹ እየሞሉ ነው፤ እሷ በስልኳ 90 ሴኮንድ ይዛ በሩ ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው።