የሚታየኝ ትምህርት ቤት በእግር ለምን ራቀኝ?

የሰሚቷ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው። የልጄ ትምህርት ቤት ጣሪያ ከሳሎኔ መስኮት ይታየኛል። በመካከላችን ያለው አንድ የሪል ስቴት ግቢ ብቻ ነው፤ ግን ዙሪያውን ስለታጠረ አያሳልፍም። ስለዚህ ልጄን ይዤ ወደ አስፋልቱ እወጣለሁ፤ የእግረኛ መንገድ በሌለበት ከገልባጭ መኪና ጋር እየተጋፋሁ አጥሩን እዞራለሁ። ያደግኩት ፒያሳ ነው፤ እዚያ በአንዱ ቅያስ ገብተን በሌላው እንወጣ ነበር። ከተማ ሲሰፋ መተላለፊያ የሚጠፋው ለምንድን ነው?

ቀያሹ፦ እህቴ፣ በቅየሳ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ይህ ጉዳይ ያንገበግበኛል። ዳር አካባቢ መሬት የሚሰጠው በቁራጭ ነው፤ አንዱ ለኮንዶሚኒየም፣ አንዱ ለሪል ስቴት፣ አንዱ ለማኅበር ቤት። እያንዳንዱ የውስጥ መንገዱን ለራሱ ይነድፍና ወሰኑ ላይ ያቆመዋል። ሁለቱን ፕላን ጎን ለጎን ብታስቀምጪ የአንዱ መንገድ ከሌላው ግንብ ጋር ሲላተም ታያለሽ። የሚገናኙት ዋናው አስፋልት ላይ ብቻ ነው፤ ዳቦ ሊገዛ የወጣውም ወደ መገናኛ የሚሄደውም እዚያው ይከማቻል። አስፋልቱን ማስፋት ይህን አይፈታውም። ባርሴሎና ከቅጥሯ ውጭ ስትሰፋ መሐንዲሱ ኢልዴፎንስ ሰርዳ የነደፈው ፕላን በ1859 እ.ኤ.አ. ጸደቀ፤ 113 ሜትር ገደማ ጎን ባላቸው ብሎኮች መካከል 20 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ ተያዘ፣ ቤቱ ከዚያ በኋላ መጣ። ብዙ ቤት ፈርሶ ተሠርቷል፤ መንገዱ ግን ዛሬም ያው ነው። የእኛም አጥር እንዲሁ ለልጅ ልጆቻችን እንዳይተርፍ እሰጋለሁ።

የግቢ ነዋሪ፦ እኔ እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ እኖራለሁ። ያጠርነው ሌባ ስላስቸገረን ነው። ልጆቻችንም መንገድ ላይ ኳስ የሚጫወቱት አላፊ መኪና ስለሌለ ነው።

ቀያሹ፦ ወንድሜ፣ መኪናው አይለፍ፤ እኔም እስማማለሁ። እግረኛው ግን ይለፍ። መብራት ያለው፣ ጥበቃ የሚቆምበትና ማታ የሚዘጋ ጠባብ በር ይበቃል።

ነጋዴው፦ መሃል ከተማውም አልዳነም። ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ሐዲዱ መሬት ለመሬት በሚሄድባቸው ብዙ ቦታዎች አጥሩ ፊት ለፊት የነበሩ ሱቆችን ለያያቸው። ማዶ ያለ ደንበኛ ማቋረጫ ፍለጋ ይዞራል፤ አለዚያም መምጣቱን ይተወዋል።

የሰሚቷ፦ ቀያሹ፣ እኛ ከየት እንጀምር?

ቀያሹ፦ የወላጅ ኮሚቴው ከግቢው ነዋሪዎች ጋር ይነጋገር፤ በትምህርት ቤት መግቢያና መውጫ ሰዓት ብቻ በር እንዲከፈት ጠይቁ። በአካባቢው ገና ያልተገነባ መሬት ካለ ደግሞ፣ መሠረት ሳይወጣ መተላለፊያው ፕላኑ ላይ እንዲገባ አሁኑኑ ለወረዳው በጽሑፍ አመልክቱ።