ዜኒያ ገንዳዬን ወረረችብኝ፤ ምን ይሻላል?

ልደታ ሪፍ፦
ሰላም ቤተሰብ። ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ባለ 200 ሊትር የጨው ውሃ አኳሪየም አለኝ። አንድ ወዳጄ ከዱባይ ሲመለስ አውራ ጣት የምታህል ዜኒያ (ድንጋይ ላይ ተጣብቃ የምትኖር ለስላሳ ኮራል፣ የባሕር እንስሳ ናት) አመጣልኝ። እጆቿን ከፈት ዘጋ ስታደርግ እንግዳ ሁሉ ቡናውን ትቶ እሷን ነበር የሚያየው። አሁን ግን ትልቁን ድንጋይ ጨርሳ ሃመር የሚባለውን ሌላ ኮራሌን ብርሃን ከልክላዋለች። የኋላውን መስታወት ደግሞ አረንጓዴው ስታር ፖሊፕ የሚባለው ለስላሳ ኮራል ይዞታል። በምላጭ ስቆርጣት ከጉቶዋ መልሳ ትበቅላለች። ድንጋዩን አውጥቼ የፈላ ውሃ ልልቀቅበት እንዴ?

ቸርችል ቁልቁለት፦
ቀቅለው ተገላገል!

የቀበናዋ፦
ኧረ በፈጠራችሁ! ድንጋይ የሚቀቅል ሰው እንዳልሰማ። እኔን የምታስፈራኝ ዜኒያዋ አይደለችም። ስንጥቅ ውስጥ ዞአንቲድ ወይም ፓሊቶዋ የሚባል የኮራል ዘመድ ተወሽቆ ከሆነ፣ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ አላቸው፤ ሲቀቀል ወይም በብሩሽ ሲፈተግ በእንፋሎትና በፍንጥቅጣቂ ሳንባና ዓይን ውስጥ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2018 እንግሊዝ አገር ኦክስፎርድሺር ውስጥ ኮራል ያለበት ገንዳ ሲጸዳ ቤተሰቡ ብቻ ሳይሆን ሊረዱ የመጡት የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ሆስፒታል ገብተዋል። አንተ ደግሞ ያለኸው ኮንዶሚኒየም ነው፣ ለጎረቤትም እዘን።

ሁለተኛ፣ በአንድ ቀን ልጨርሳት አትበል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየር ግፊታችን የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ያን ሁሉ ዜኒያ ገንዳው ውስጥ ገድለህ ሲበሰብስ ሌሊት መብራት ቢሄድ ዓሦችህ አያድሩም። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከሌለህ ከምላጩ በፊት እሱን ግዛ።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ውሃ በምቀይርበት ቀን አንድ ጥግ ብቻ። ድንጋዩን የገንዳው ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ አድርጌ፣ ጓንትና መነጽር አጥልቄ፣ ከነሥሯ እልጣታለሁ። ግንዱን ብቻ መቁረጥ ትርፉ ማባዛት ነው። ሽታዋን ቻለው፣ ትከረፋለች። ዳር ዳሩን ደግሞ ባዶ ድንጋይ አስጠጋላት፤ ራሷ ትወጣበታለች፣ ያን ጊዜ ድንጋዩን ከነእሷ ማንሳት ነው።

ስታር ፖሊፑ መስታወት ላይ ከሆነማ ዕዳው ገብስ ነው። ፖሊፖቹ የበቀሉበትን ሐምራዊ ምንጣፍ ጠርዙን ከያዝክለት እንደ በሰለ እንጀራ ይነሳል። የምትተወውን አሸዋ መሃል ብቻውን በተቀመጠ ድንጋይ ላይ አድርገው፤ የሚሄደው እየተሳበ ስለሆነ አሸዋውን መሻገር ይከብደዋል። (ኬንያ ትሪ የሚባለው ዛፍ መሳይ ለስላሳ ኮራል ላለው ሰው ይህ አይሠራም፤ እሱ ቅርንጫፉን እየጣለ በውሃው ነው የሚሰደደው።)

ሜክሲኮ ጨዋማው፦
ናይትሬትህን (ከዓሣ ቆሻሻና ከተረፈ ምግብ ውሃው ውስጥ የሚጠራቀመውን) ለካ። ዜኒያ የተረፈ ምግብ ያለበት ውሃ ይመቻታል። ግን ላስርባት ብለህ ዜሮ እንዳታወርደው፣ ሃመሩ ቀድሞ ይጎዳል። ደግሞም እሷ ስትቀነስ የምትጠጣው ናይትሬት ለአልጌ ይተርፋል። ለስላሳ ኮራል ሲነካ ኬሚካል ስለሚለቅ አክቲቭ ካርቦኑን (ውሃ የሚያጣራውን ከሰል) በዚያው ቀን ቀይረው።

ልደታ ሪፍ፦
እግዜር ይስጥልኝ እህቴ፣ መቀቀሉ ቀርቷል። ናይትሬቱ 30 ነው፤ መኖ እቀንሳለሁ። የተላጠውን ለሰው ልስጥ ብዬ በሱፐር ግሉ ጠጠር ላይ ባጣብቃት እምቢ አለች።

የቀበናዋ፦
አትይዝም፣ ልጋጓ ያንሸራትታታል። ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ውስጥ ጠጠር አድርግ፣ እሷን ጣል፣ አፉን በቱል ሸፍነህ ውሃው ቀስ ብሎ በሚሄድበት ቦታ ተዋት። በጥቂት ቀን ራሷ ትይዛለች። ለምትሰጠው ሰው ግን ጠባይዋን አስቀድመህ ንገረው። ፈላጊ ካጣህ አድርቀህ በፌስታል ቋጥረህ ቆሻሻ ውስጥ። ጅቡቲ ስሄድ ባሕር ላይ ልልቀቃት የሚል ሰው እንዳይኖር፤ ቬንዙዌላ ከአኳሪየም ንግድ የወጣች የዜኒያ ዘመድ የባሕር ዳርቻቸውን ሪፍ (የኮራሎች መኖሪያ) ሸፍናው እስካሁን እየታገሏት ነው።

ቸርችል ቁልቁለት፦
የቅቅሉን ነገር ይቅር በሉኝ 😅 ቱሉ ከመርካቶ በሜትር ይገኛል።