የሻወር ቤቱ እጀታ ተነቅሎ እማዬ እጅ ላይ ቀረ፤ ዛሬ ማታ ምን ላድርግ?

ሰብለ 4ኛ ፎቅ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ቶሎ መልሱልኝ። አሁን እማዬ ሻወር ቤት ያለውን እጀታ ስትይዝ ከነፊሸሩ (ብሎኑን ግድግዳ ውስጥ ከሚይዘው ፕላስቲክ ጋር) ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ። ተመስገን አልወደቀችም፣ የእጅ መታጠቢያውን ይዛ ቆመች። ሴራሚኩ ግን ተሰንጥቋል። ነገ ጠዋት መታጠብ አለባት። ሲሊኮን ቢቀባ ይይዛል?

ቶሎ ቶሎ፦ ይይዛል። ቀቢው፣ 24 ሰዓት ይድረቅ፣ አለቀ።

አባ ቀለም፦ እኔ ቤት ሲሊኮን አጥብቆ የያዘው ነገር ቢኖር ጣቴን ነው።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ ጥፋቱ የእጀታው አይደለም። ዕድሜ ልካቸውን ደጃቸው ላይ ሲመላለሱ የኖሩ እናት አራተኛ ፎቅ ላይ ምን ያደርጋሉ? እኛ እናቶቻችንን ምድር ቤት ነበር የምናስቀምጠው። ፀሐይ ይሞቁ ነበር፣ ጎረቤት ያዩ ነበር...

ሰብለ 4ኛ ፎቅ፦ ጋሼ፣ ኮንዶሚኒየሙ በዕጣ ነው የደረሰኝ። ምድር ቤት ቢደርሰኝ እኔስ እጠላ ነበር?

ፊኒሺንግ ሠራተኛ፦ ግድግዳው ብሎኬት ነው ኮንክሪት? አንኳኪውና ንገሪን። እጀታው ስንት ብሎን ነበረው?

ሰብለ 4ኛ ፎቅ፦ ባዶ ባዶ ይላል፣ ብሎኬት መሰለኝ። ሁለት ትንንሽ ብሎን። ፎጣም እንሰቅልበታለን።

አባ ቀለም፦ ፎጣ"ም" ነው ወይስ ፎጣ ብቻ?

ሰብለ 4ኛ ፎቅ፦ እሺ፣ የፎጣ መስቀያ ነው። ግን እማዬ ሁሌ የምትይዘው እሱን ነው። ለእሷ እጀታ ነው።

ፊኒሺንግ ሠራተኛ፦ በቃ ገባኝ። የፎጣ መስቀያ ፎጣ እንጂ ሰው አይሸከምም፣ ሲሊኮንም ውሃ ይከለክላል እንጂ ክብደት አይችልም። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ተራ ፊሸር የሚይዘው የፊቱን ቀጭን ክፍል ብቻ ነው። ሲያንኳኩት ድፍን የሚል ኮለን፣ ማለትም የኮንክሪት ምሰሶ፣ ካገኘሽ፣ እዚያ ላይ ሲጠብቅ በሚሰፋ የብረት ቡሎን ይታሰራል። ካላገኘሽ ግድግዳው ወዲያ ማዶ ድረስ ይበሳና ረጅም ቡሎን ያልፋል፣ ከኋላ ላሜራ ተደርጎ በሮንዴላና በዳዶ ይጠብቃል። ላሜራው መኝታ ቤት በኩል ይታያል፣ ቀለም ቀቢው። ከፍታው ከ85 እስከ 90 ሳ.ሜ አካባቢ ነው፤ እማማን አቁመሽ እጃቸው በሚያርፍበት ለኪ። ከቧንቧው በቀጥታ ወደ ላይ እንዳይበሱ፣ የውሃው ቱቦ ብዙ ጊዜ በዚያ ነው የሚያልፈው። ዛሬ ማታ ግን ምንም አትንኪ፣ የተሰነጠቀውን ብቻ እጅ እንዳይቆርጥ በፕላስተር ሸፍኚው።

ቶሎ ቶሎ፦ የሚጣበቅ በቫኪዩም የሚሠራ አለ፣ እሱን ግዢ።

ፊኒሺንግ ሠራተኛ፦ የሴራሚኩ መጋጠሚያ ላይ ከዋለ አየር ገብቶ ይለቃል። ነግሬሻለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኔ አሜሪካ አረጋውያን በቤታቸው ነው የምንከባከበው። ከእጀታው በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ። እማማ ለምን ተንጠለጠሉበት? አዳልጧቸው ነው ወይስ ዞሮባቸው?

ሰብለ 4ኛ ፎቅ፦ ዞሮብኛል ብላለች። የደም ግፊት መድኃኒቷን ባለፈው ሳምንት ጨምረውላታል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ይሄንን መጀመሪያ አትነግሪንም እህቴ! ነገ ያዘዘላትን ሐኪም ደውለሽ ንገሪው፣ መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቁሙ። ከአልጋ ሲነሱ ጠርዙ ላይ ትንሽ ተቀምጠው ይቆዩ። ነገ ተቀምጠው ይታጠቡ፦ ጠንካራ ባለ መደገፊያ የፕላስቲክ ወንበር፣ ከሥሩ የማያንሸራትት የጎማ ምንጣፍ፣ በጆግ። ነጠላቸውን ውጭ ያስቀምጡ፣ ጫፉን ረግጠው የወደቁ አይቻለሁ። በሩንም አይቀርቅሩት። ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ደግሞ ሰው ከኋላው ሲወድቅ አይከፈትም፣ ስለዚህ አንቺ አብረሽ ግቢ።

ሰብለ 4ኛ ፎቅ፦ አብሬ ልግባ ስላት "እኔ ነኝ ያጠብኩሽ" አለችኝ።

አባ ቀለም፦ ተሸነፍሽ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጀርባሽን አዙረሽ ቁሚላት፣ ፎጣውን አቀባይ ነኝ በያት። ሌሊት የምትሄድበትንም መንገድ አስቢ። መብራት ሲጠፋ የሚበራ ባትሪ ያለው አምፖል ኮሪደሩ ላይ ይኑር።

ሰብለ 4ኛ ፎቅ፦ ወንበሩን ከጎረቤት አመጣሁ። ግንበኛው ነገ 3 ሰዓት እመጣለሁ ብሏል።

ፊኒሺንግ ሠራተኛ፦ በየትኛው ነገ? ላሜራውን አስቀድመሽ አስቆርጪ፣ የለም ብሎ እንዳይሄድ።

ጡረተኛው መምህር፦ ሰብለ፣ እማማ እንዴት ዋሉ?

ቶሎ ቶሎ፦ ሲሊኮኑ ደረቀ?