ገና የጀመረ የጉልበት ኦስቲዮአርትራይቲስ፦ የተቀደደው ሜኒስከስ ይነካ ወይስ ይተው?

ጠያቂ፦
የ52 ዓመት ሴት ናት። ቀኝ ጉልበቷን ከውስጥ በኩል ካመማት 7 ወር ሆኗታል። ደረጃ ስትወርድና ብዙ ስትቆም ይብስባታል፣ ስታርፍ ይለቃታል። ጠዋት 10 ደቂቃ ያህል ያዝ ያደርጋትና ይፈታታል። ራጁ ላይ የጎላ ነገር የለም ተብሏል፤ የተነሣችው ግን ተኝታ ነው። ኤምአርአዩ የካርቲሌጅ (የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ልባስ) መሳሳትና የውስጠኛውን ሜኒስከስ (በአጥንቶቹ መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግለው) መቀደድ ያሳያል። አንዱ ሐኪም በካሜራ ገብተን እናጽዳው ይላል፣ ሌላው ስፖርት ትሥራ ይላል። የትኛው ነው የሚያዋጣው? ስፖርት ከሆነስ ምን ያህል?

ራጅ አንባቢ፦
ዕድሜ ከ45 በላይ፣ ሕመሙ እንቅስቃሴን ተከትሎ የሚመጣ፣ የጠዋቱ መያያዝ ከ30 ደቂቃ የማይዘልቅ ከሆነ ያለ ራጅም ኦስቲዮአርትራይቲስ (የመገጣጠሚያ መበላት) ነው ማለት ይቻላል። ራጅ ካስፈለገ ግን ቆማ ትነሣ። ስትተኛ ክብደቱ ከጉልበቷ ላይ ስለሚወርድ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ሰፍቶ ይታያል፣ የሳሳው ይደበቃል። የበለጠ የሚያሳየው ቆማ፣ ጉልበቷን 45 ዲግሪ ያህል አጥፋ፣ ጨረሩ ከኋላ ወደ ፊት እንዲያልፍ ሆኖ የሚነሣው ነው። ካርቲሌጁ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚበላው ጉልበት ሲታጠፍ በሚነካካው የኋላ ክፍል ነውና። ሁለቱም ጉልበቶች አብረው ይነሡ።

መቀደዱ አያስደንግጥ። በዚህ ዕድሜ ምንም በማያም ጉልበት ውስጥም በብዛት ይገኛል። ሁለት ነገር ግን ይለዩ። አንደኛው እውነተኛ መቆለፍ ነው፤ እግሩ አልዘረጋ ብሎ ሲቀር ማለት ነው እንጂ ሲንቋቋ አይደለም። ሁለተኛው ቋንጃዋ አካባቢ ቋ ብሎ ድንገት የጀመረ ሕመም ነው። ያኔ የሜኒስከሱ ሥር (ከአጥንት ጋር የተያያዘበት ጫፍ) ተነቅሎ ሊሆን ይችላል፤ ሥሩ ቶሎ ቢሰፋ የሚጠቅምበት ጊዜ ስላለ ኤምአርአዩን ያነበበውን ሰው መልሰው ይጠይቁት።

ዳሌዋን ሳይፈትሹ ደግሞ አይለፉ። በጀርባዋ አስተኝተው ጭኗን ወደ ውስጥ ሲያዞሩ ያው የጉልበት ሕመም ከመጣ ምንጩ ከላይ ሊሆን ይችላል። ጉልበቱ ከጋለና ካበጠ፣ ትኩሳትም ካለ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ፈሳሹ በዚያው ቀን በመርፌ ተቀድቶ ይመርመር።

ፊዚዮቴራፒስት፦
«ስፖርት ትሥራ» ብሎ መሸኘት መድኃኒት ያለ መጠን እንደማዘዝ ነው።

በሳምንት 3 ቀን፣ ቢያንስ 12 ሳምንት። ዋናው ከወንበር መነሣትና መቀመጥ ነው፤ በእጅ ሳትደገፍ 3 ዙር፣ በየዙሩ ከ8 እስከ 12። ከከበዳት ወንበሩ ላይ ትራስ ይደረብላት፤ ሲቀልላት ትራሱ ይውጣ፣ ከዚያ ክብደት ታቅፋ ትነሣ። ቀጥሎ 10 ሳንቲሜትር ከፍታ ላይ መውጣትና ቀስ ብሎ መውረድ፣ እያደር እስከ 20። ለዳሌ ጡንቻ በጎን ተኝቶ እግር ማንሣት። ጉልበቷ ሙሉ በሙሉ የማይዘረጋ ከሆነ ተረከዟን ጥቅል ፎጣ ላይ አሳርፋ ለ5 ደቂቃ ጉልበቷን ወደ ታች ትልቀቀው። ማታ ጉልበት ሥር ትራስ ማድረግ ደስ ይላል፣ ሲለመድ ግን ጉልበቱን እንደታጠፈ ያስቀረዋል።

ከ0 እስከ 10 በሚለካው የሕመም መጠን እስከ 5 ድረስ ቢሰማትም ትቀጥል። በ24 ሰዓት ውስጥ ወደነበረበት ካልተመለሰ ዙሩን ትቀንስ፣ አታቁም። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ በ3ኛው ሳምንት ሲያመው ይተዋል፣ ወይም ሦስት ወር ሙሉ በዚያው በቀላሉ ላይ ይቆያል። የዙሩ የመጨረሻዎቹ ሁለትና ሦስት ካላስቸገሩ ጡንቻው አይጠነክርም።

ከዘራ ከያዘች በግራ እጇ ይሁን፤ ከቀኝ እግሯ ጋር አብሮ ይራመድ። ክብደቷ ከፍ ያለ ከሆነ 1 ኪሎ መቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱ ላይ የሚያርፈውን ጫና 4 ኪሎ ያህል ያቀላል። ከመድኃኒት 1 በመቶ ዳይክሎፌናክ ጄል (የሚቀባ የሕመም ማስታገሻ) ይቅደም፤ 4 ግራም በቀን 4 ጊዜ፣ የሚያመው ነጥብ ላይ ብቻ ሳይሆን ጉልበቱን በሙሉ። የሚዋጠው ለጥቂት ጊዜ ብቻ፣ ያውም ጨጓራዋ፣ ኩላሊቷና የደም ግፊቷ ታይቶ።

ጠያቂ፦
እናመሰግናለን። 12 ሳምንቱ አልፎ ባይሻላትስ? መርፌ የሚሉም አሉ፦ ኮርቲዞን፣ ሃያሉሮኒክ አሲድ (መገጣጠሚያን ለማለስለስ የሚሰጥ)፣ ከራሷ ደም የሚዘጋጀው ፒአርፒ።

የአጥንት ቀዶ ሐኪም፦
ኮርቲዞን ሕመሙ ሲያይል ለተወሰኑ ሳምንታት ያስታግሳል፤ ስፖርቱን ለማስጀመር ይጠቅማል። ልማድ ሲሆን ነው የሚጎዳው። በ2017 በወጣ ጥናት 40 ሚሊግራም ትራይአምሲኖሎን (ከኮርቲዞን ዓይነቶች አንዱ) በየ3 ወሩ ለ2 ዓመት የተወጉት ከጨው ውሃ ከተወጉት ይልቅ ካርቲሌጃቸው ሳሳ፤ በሕመም ግን ልዩነት አልነበረም። ፒአርፒም በ2021 አውስትራሊያ ውስጥ ከጨው ውሃ ጋር ተወዳድሮ በ12 ወር ብልጫ አላሳየም። የሃያሉሮኒክ አሲድ ጥቅምም ከወጪው ጋር አይመጣጠንም።

በካሜራ ማጽዳቱን ተዉት። በ2002 በታተመ ጥናት ጉልበታቸው የታጠበላቸውና ለማስመሰል ቆዳቸው ብቻ የተበጣላቸው በሕመም እኩል ነበሩ። በ2013 ፊንላንዶች በዕድሜ የተቀደደን ሜኒስከስ በመቁረጥ ላይ ያንኑ አገኙ። ሜኒስከስ ሲቆረጥ ጫናውን የሚያከፋፍለው ስፋት ይቀንሳል፣ የቀረው ካርቲሌጅ ይሸከመዋል። እውነተኛ መቆለፍ ካለ ነገሩ ይለያል።

በዚህ ደረጃ ላይ ቁም ነገር ያለው ቀዶ ጥገና ኦስቲዮቶሚ (አጥንት ቆርጦ ማቃናት) ነው፤ እሱም እግሯ ወደ ውጭ የደገነ ከሆነ፣ የተበላው የውስጠኛው ክፍል ብቻ ከሆነ፣ ጉልበቷም በደንብ ከታጠፈና ከተዘረጋ። ለዚህ ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት ቆማ የምትነሣው ራጅ ያስፈልጋል። የቅልጥም አጥንት ከጉልበት በታች ተሰንጥቆ እንደ ሽብልቅ ይከፈትና በብረት ይታሰራል፤ ክብደቱ ወደ ጤነኛው የውጭ ክፍል ይዞራል። ለሳምንታት በክራንች መሄድ አለ፤ የሚያጨስ ሰው አጥንቱ ቶሎ አይገጥምም። እግሯ ቀጥ ያለ ከሆነ ኦስቲዮቶሚ ምንም አያደርግላትም።

ጉልበት መቀየር ለእሷ ገና ነው። ራጃቸው ብዙም ሳይበላሽ ያስቀየሩ ሰዎች በውጤቱ የማይረኩት በብዛት ነው፤ በ52 ዓመቷ ብትቀይር ደግሞ ሁለተኛ መቀየር ይጠብቃታል። ባይሻላት መጀመሪያ 12ቱን ሳምንት በእርግጥ ሠርታው እንደሆነ፣ በስፖርቱ የምትታቀፈው ክብደትም እያደገ መሄዱን ይጠይቁ።