ለቋሚ ደንበኞቼ እንደ አየር መንገዶቹ «ጎልድ» ካርድ ልጀምር ነው፤ ያዋጣል ወይስ ያከስራል?

ጥያቄ፦ ባለ ፔንሲዮኑ

ሰላም ለሁላችሁ። ቱሉ ዲምቱ፣ ከፈጣን መንገዱ መግቢያ ብዙም ሳይርቅ 14 አልጋ ያላት ፔንሲዮን አለችኝ። ግቢው 5 ተሳቢ ያስገባል። ደንበኞቼ በአብዛኛው የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ናቸው፤ የቀሩት ለመስክ ሥራ የሚወጡ የድርጅት ሰዎች። በቅርቡ አጠገቤ ሌላ ፔንሲዮን ተከፈተ። አዲስ ፍራሽ፣ ግድግዳ የሚያክል ቲቪ፣ ምኑ ቅጡ። ሾፌሮቼም አንድ ሁለት እያሉ ወደዚያ መንሸራተት ጀመሩ።

የአክስቴ ልጅ ነጋዴ ናት፤ የሼባ ማይልስ (የኢትዮጵያ አየር መንገድ የቋሚ ተጓዦች ፕሮግራም) ጎልድ ካርድ አላት። ቦሌ ስሸኛት ያን ሁሉ ሰልፍ ትታ በሌላ በኩል ገባች፣ ሻንጣ ተጨመረላት፣ ከዚያ ላውንጅ ቁጭ ብላ ቡናዋን እየጠጣች ፎቶ ላከችልኝ። እኔ ገና ከፓርኪንጉ አልወጣሁም። ሐሳቡ የመጣልኝ ያን ቀን ነው። በወር 6 ሌሊት ላደረ ሰው ካርድ ልስጠው፦ ቁርስ በነፃ፣ የተሻለ ክፍል፣ ለመኪናው በሩ አጠገብ ቦታ።

ጥያቄዬ፣ አየር መንገዶቹ ከዚህ ነገር እውነት ያተርፋሉ? ወይስ ሌላው ስለሰጠ ብቻ ነው የሚሰጡት? እነሱን ካላዋጣ እኔን በ14 አልጋ እንዴት ያዋጣኛል? ባለቤቴ በበኩሏ «ቁርስ በነፃ ካልክ ወጥ ቤቱን ራስህ ግባበት» ብላለች።

መልስ፦ የድሮ ቼክ ኢን

ወንድሜ፣ ለዓመታት ቼክ ኢን ላይ ሠርቻለሁ፤ የት እንደሆነ ይቆየን። ጥቅሞቹን አንድ ላይ አትጨፍልቃቸው፣ የሚያስወጡት ለየቅል ነው። ያየኸው የአየር መንገዶች ማኅበር የሆነው የስታር አሊያንስ ጎልድ ነው፣ ከሼባ ማይልስ ጎልድ ጋር አብሮ የሚመጣ (የእኛው አየር መንገድ እዚያ ማኅበር የገባው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2011 ነው)። ቼክ ኢንና መሳፈር ላይ ቅድሚያ አለ፣ ሻንጣህ ቶሎ ይወጣል፣ በኪሎ በሚሠራበት መስመር 20 ኪሎ፣ በቁጥር በሚሠራበት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሻንጣ ይፈቀድልሃል፣ ላውንጅ አለ።

ሰልፍ ማስቀደም ለአየር መንገዱ ሳንቲም አያስወጣውም ማለት ይቻላል። የሚከፍለው ከኋላ የቆመው ሰው ነው፣ በጊዜው። ላውንጅ ግን የምር ወጪ ነው። ኪራዩ፣ ምግቡ፣ መጠጡ፣ ሠራተኛው፣ ሁሉም በገባው ሰው ልክ ይጨምራል። ወደ ቢዝነስ ክላስ ማሳደግ ደግሞ ከሁለቱ መሀል ነው። በሩ ሊዘጋ ሲል ባዶ የቀረች ወንበር ብትሰጥ ምግቧ ብቻ ነው የሚወጣው፤ ግን ያቺኑ ወንበር በመጨረሻ ሰዓት በቅናሽ የሚገዛ ሰው ከነበረ በነፃ መስጠትህ ኪሳራ ሆነ። ለዚህ ነው አሁን አሁን ብዙዎቹ መጀመሪያ ለመሸጥ ሞክረው፣ የተረፈችውን ብቻ ለካርድ ባለቤት የሚሰጡት።

የአንተ ቁርስ እንደ ላውንጁ ነው። በሩ አጠገብ ያለችው ቦታ እንደ ሰልፉ።

መልስ፦ ሒሳብ ሠሪዋ ከገላን

የሻንጣውን ሒሳብ እኔ ልሥራልህ። በረጅም በረራ ላይ አንድ ትርፍ ክብደት ለመሸከም በየሰዓቱ ከራሱ ክብደት 3 በመቶ ገደማ ነዳጅ ይበላል ይባላል። 23 ኪሎ ሻንጣ ከጓንዡ አዲስ አበባ በ10 ሰዓት ውስጥ 7 ኪሎ ያህል ነዳጅ ማለት ነው። እንግዲህ ያቺው ሻንጣ ካርድ ለሌለው ሰው ስንት እንደምትጠየቅ የከፈለ ያውቀዋል! ለተሳፋሪው ብዙ የሚመስል፣ ለሰጪው ትንሽ የሚያስወጣ፣ ጨዋታው ይሄ ነው። ግን የአውሮፕላኑ ሆድ ሙሉ ከሆነ ሒሳቡ ይገለበጣል። ያቺ ሻንጣ የምትቀመጥበት ቦታ ለካርጎ ይሸጥ ነበር፣ የጓንዡ መስመር ደግሞ ጭነት የማይጠፋበት ነው።

ትልቁ ገንዘብ ያለው ግን ጥቅሞቹ ውስጥ አይደለም። ማይሉን፣ ማለትም ተጓዥ በበረረ ቁጥር የሚጠራቀምለትን ነጥብ፣ ለባንክ መሸጥ ላይ ነው። የአሜሪካው አየር መንገድ ዴልታ እ.ኤ.አ. በ2024 ከክሬዲት ካርድ ሰጪው አሜሪካን ኤክስፕረስ ብቻ ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝቷል፣ ሰው በካርዱ ሸቀጥ ሲገዛ የሚሰጠውን ማይል ባንኩ ስለሚገዛው። ሌላው የአሜሪካ አየር መንገድ ዩናይትድም በ2020 ኮሮና አውሮፕላኖቹን መሬት ሲያስቀምጥበት የማይል ፕሮግራሙን አስይዞ 6.8 ቢሊዮን ዶላር ተበደረ። አውሮፕላን ሳይሆን ፕሮግራሙን! ስለዚህ «ላውንጁ ያከስራል» ቢባል እንኳ እነሱ የሚያካክሱበት ሌላ ኪስ አላቸው። አንተ ባንክ የለህም ወንድሜ። ያንተ ካርድ በአልጋህ ብቻ ራሱን መቻል አለበት።

መልስ፦ የጓንዡ መንገደኛ

እኔም ካርዱ አለኝ፣ ልናዘዝ። አንድ ዓመት ደረጃዬ እንዳይወርድ ትንሽ ማይል ጎደለኝ። ዓመቱ ሳያልቅ ዱባይ ሄጄ ተመለስኩ። ዕቃ አምጥቻለሁ፣ አልዋሽም፣ ግን ለዕቃው ብዬ አልነበረም የሄድኩት፤ ባሌ እስካሁን አያውቅም። ያቺ ትኬት ለአየር መንገዱ ንጹሕ ትርፍ ናት።

ሌላም ነገር አለ። ጓንዡ ስሄድ በቀጥታ የሚወስደኝን ነው የምመርጠው፣ ካርድ ኖረኝ አልኖረኝ። እዚያ መስመር ላይ የሚሰጡኝ ሁሉ ለእኔ ጮማ፣ ለእነሱ ባዶ ወጪ ነው። ዱባይ ግን ኤሚሬትስም አለ፣ ፍላይዱባይም አለ። በትንሽ የዋጋ ልዩነት ሌላ ጋ እሄድ ነበር፣ የሚያስቀረኝ ሻንጣዬ ነው። አንዲት ሴት፣ አንድ ካርድ፣ በአንዱ መስመር ያከስራል፣ በሌላው ያተርፋል። አንተም ከሾፌሮችህ የትኛው ለቆ ሊሄድ እንደሚችል ለይ። ምንም ቢመጣ አንተው ጋ ለሚያድረው ቁርስ መስጠት ዝናብ ላይ ውኃ ማጠጣት ነው።

መልስ፦ ቆጥቁጤ

ሁላችሁም አሞካሻችሁት፣ እኔ ጉዱን ልንገረው። አሜሪካን ኤርላይንስ እ.ኤ.አ. በ1981 በ250,000 ዶላር ዕድሜ ልክ ያለ ገደብ አንደኛ ማዕረግ የሚያበር ካርድ ሸጦ ነበር። የገዙት ሰዎች አውሮፕላኑን እንደ ታክሲ ተሳፈሩበት። ሽያጩን በ1994 አቆመ፤ ቆይቶም ከደንቡ ውጭ ተጠቀማችሁበት እያለ ከአንዳንዶቹ ነጠቀ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዴልታም በ2023 ባለ ካርዱ በዝቶ ላውንጁ ሲጨናነቅበት መስፈርቱን በአንድ ጊዜ ሰማይ ሰቀለው። ሰው ጮኸ፤ ሥራ አስኪያጁ ኤድ ባስቲያን አብዝተነዋል ብሎ በሳምንታት ውስጥ ከፊሉን መለሰው። መስጠት ቀላል ነው፣ መልሶ መውሰድ ነው ጣጣው። 5 መኪና በሚይዝ ግቢ 20 ካርድ ብታድል በሩ አጠገብ ያለችውን ቦታ ለማን ትሰጣለህ? ጠብ ነው የምትገዛው።

መልስ፦ ተሳቢ ነጂ

እኔ የምትሉት ሾፌር ነኝ፣ የተወራው ሁሉ ደስ ይላል ግን እኔን አልጠየቃችሁኝም። አየር መንገድ ላይ ለካርዱ የሚንሰፈሰፈው ሰው ብዙውን ጊዜ ትኬቱን መሥሪያ ቤቱ ነው የሚከፍልለት። ዋጋ ቢጨምር የእሱ ጉዳይ አይደለም፣ ላውንጁ ግን የእሱ ነው። እኔ አበሌን በእጄ ነው የምቀበለው። ርካሽ አልጋ ከያዝኩ ትርፉ የልጆቼ ነው፤ ሲብስም ጋቢና ውስጥ እተኛለሁ። ስለዚህ በቁርስ አታባብለኝ። የሚያሳስበኝ መኪናው ነው። ሌሊት ናፍጣ ተቀድቶ፣ ስኮርታ ጎማ ተፈትቶ፣ ሸራ ተቀዶ ባድር ጠዋት የምጠየቀው እኔ ነኝ። የማይተኛ ዘበኛ ካለህና ስመጣ ቦታ አለቀ ካላልከኝ፣ የጎረቤትህን ቲቪ ማንም አያየውም። ረዳቴም የሚታጠብበት ሙቅ ውኃ ቢያገኝ ጥሩ ነው፣ ጋቢናው ውስጥ አብረን ነው የምንውለው።

ሒሳብ ሠሪዋ ከገላን

እሱ ያለውን አስምርበት። በደረሰኝ የሚከፍሉት የድርጅት ሰዎችህ ግን በትክክል እንደዚያ አየር መንገድ ደንበኛ ናቸው። አልጋው ከቢሮ፣ ምቾቱ ለራስ። ካርዱ የሚሠራው እነሱ ላይ ነው።

ቆጥቁጤ

በጨዋ ቋንቋ ጉቦ አትይውም?

ሒሳብ ሠሪዋ ከገላን

ማኪያቶ ነው እንጂ ጉቦ አይባልም 😄

ባለ ፔንሲዮኑ

ተባረኩ፣ ብዙ ወጪ አዳናችሁኝ። እንዲህ አሰብኩ። ነፃ ቁርሱ ቀረ፣ ባለቤቴ እልል ብላለች። ለሾፌሮች 3 ካርድ ብቻ አወጣለሁ፤ ካርድ ላለው ቦታው ይያዝለታል፣ ረዳቱም ሻወር በነፃ። ለድርጅት ሰዎች ደግሞ ክፍሉን ሌላ እንግዳ ካልፈለገው እስከ ከሰዓት 9 ሰዓት መቆየትና ጠዋት ማኪያቶ። ዘበኛ አንድ እጨምራለሁ፣ እሱ ለሁሉም ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ነጂው፣ ቦታውን እስከ ስንት ሰዓት ልያዝልህ? ባዶውን አድሮ ሌላ መኪና ብመልስ ይከነክነኛል።

ተሳቢ ነጂ

እስከ ምሽት 3 ሰዓት ያዝልኝ። ከዚያ ካለፈ አዳማ አድሬያለሁ ማለት ነው፣ ለመጣው ስጠው።